ከዳፕ ወደ ኤን ፒ ኤስ፦ ሁለት እኩልዮሾች በማዳበሪያ ዕቅድ ውስጥ

በሰሜን ጎንደር ደጋማ ወረዳዎች በዳባትና በደባርቅ ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ በስፋት ይመረታሉ። የአፈር ማዳበሪያ ከጎንደር ከተማ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ እነዚህ ወረዳዎች ከመጓጓዙ በፊት መጠኑ በዕቅድ መወሰን ይኖርበታል። በትምህርት ቤት ሥርዓተ መስመራዊ እኩልዮሽ በሚል ርዕስ የሚሰጠው የአልጀብራ ትምህርት ለዚህ ዕቅድ ቀጥተኛ አገልግሎት አለው።

ለበርካታ ዓመታት በአገሪቱ ሲሠራበት የቆየው የማዳበሪያ መጠን ለአንድ ሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ ነበር። ከመቶ ኪሎ ግራም ዳፕ 18 ኪሎ ግራም ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ግራም ፎስፌት ይገኛል። ከመቶ ኪሎ ግራም ዩሪያ ደግሞ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይገኛል። በመሆኑም ማሳው 64 ኪሎ ግራም ናይትሮጅንና 46 ኪሎ ግራም ፎስፌት ያገኝ ነበር።

በ2000ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ዳፕ በኤን ፒ ኤስ ማዳበሪያ ተተክቷል። አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ 19 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን፣ 38 ኪሎ ግራም ፎስፌትና 7 ኪሎ ግራም ሰልፈር ይይዛል። በአንድ ኩንታል ዳፕ ምትክ አንድ ኩንታል ኤን ፒ ኤስ ብቻ ቢሰጥ በእያንዳንዱ ሄክታር 8 ኪሎ ግራም ፎስፌት ይጎድላል።

የቀድሞውን መጠን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኤን ፒ ኤስ በኩንታል ሀ፣ ዩሪያው ደግሞ ለ ቢባል የሚከተሉት ሁለት እኩልዮሾች ይገኛሉ።

ለፎስፌት፦ 38ሀ = 46
ለናይትሮጅን፦ 19ሀ + 46ለ = 64

ከመጀመሪያው እኩልዮሽ ሀ 1.21 ይሆናል። ይህ ቁጥር በሁለተኛው ውስጥ ሲተካ ከኤን ፒ ኤስ የሚገኘው ናይትሮጅን 23 ኪሎ ግራም መሆኑ ይታወቃል። ቀሪው 41 ኪሎ ግራም ለ46 ሲካፈል ለ 0.89 ይሆናል። ስለዚህ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው 121 ኪሎ ግራም ኤን ፒ ኤስና 89 ኪሎ ግራም ዩሪያ ነው። በ1 ሺህ ሄክታር ሲሰላ አንድ ለአንድ ከመተካት ጋር ሲነጻጸር ወደ 210 ኩንታል ተጨማሪ ኤን ፒ ኤስ ያስፈልጋል፤ ከዩሪያው ግን ወደ 110 ኩንታል ይቀነሳል።

ስሌቱ የማይቻለውንም ያመለክታል። ለምሳሌ አንድ የባቄላ ማሳ 46 ኪሎ ግራም ፎስፌትና 15 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ብቻ ቢያስፈልገው የዩሪያው መጠን ከዜሮ በታች ይሆናል። ይህም የተፈለገው መጠን ከሁለቱ ማዳበሪያዎች በትክክል ሊገኝ እንደማይችልና ሌላ ዓይነት ማዳበሪያ እንደሚያስፈልግ ያስረዳል።

ዘዴው ለሰነድ ምርመራም ያገለግላል። ለምሳሌ ያህል አንድ መጋዘን ከሁለቱ ዓይነት በድምሩ 160 ኩንታል በ605 ሺህ ብር ተረክቦ፣ የአንደኛው ኩንታል ዋጋ 4 ሺህ ብር፣ የሌላው 3 ሺህ 500 ብር ነው እንበል። ሁሉም በዝቅተኛው ዋጋ ቢሰላ 560 ሺህ ብር ይሆናል። የ45 ሺህ ብር ልዩነት ለ500 ብር ሲካፈል የውዱ ማዳበሪያ መጠን 90 ኩንታል፣ የሌላው 70 ኩንታል መሆኑ ይገኛል። ማዳበሪያው በ50 ኪሎ ግራም ከረጢት የታሸገ ከሆነና ውጤቱ ከግማሽ ኩንታል ያነሰ ክፍልፋይ ካሳየ፣ ሰነዱ ከመፈረሙ በፊት እንደገና ሊመረመር ይገባል።

ይህ አንዱን ያልታወቀ ቁጥር በማስወገድ ሌላውን የማግኘት ዘዴ አዲስ አይደለም። ከ2 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በቻይና በተጻፈ የሒሳብ መጽሐፍ የእህል ነዶዎችን ምርት ለማስላት ሥራ ላይ ውሏል።

እኩልዮሾቹ ግን የአፈር ምርመራን አይተኩም። ለማሳው የሚያስፈልገውን ንጥረ ነገር የሚወስኑት የአፈሩ ሁኔታና የሰብሉ ዓይነት ናቸው። የስሌቱ ድርሻ የተወሰነው ንጥረ ነገር ሳይጎድልና ሳይባክን ወደ ትክክለኛ የኩንታል ቁጥር እንዲለወጥ ማድረግ ነው።