የናቫሆ ማኅበራዊ ሕይወት በሥዕል፦ ትዝታ፣ ትምህርት ቤትና ትረካ

1. መግቢያ

በሰሜን አሜሪካ ደቡብ ምዕራብ፣ በአሪዞና፣ በኒው ሜክሲኮና በዩታ ግዛቶች በተዘረጋው ምድራቸው የሚኖሩት ናቫሆዎች ራሳቸውን «ዲኔ» ብለው ይጠራሉ፤ ትርጉሙም «ሕዝብ» ማለት ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት ከመካከላቸው የወጡ ሠዓልያን እረኝነቱን፣ ሽመናውን፣ የፈረስ ግልቢያውን፣ አደኑንና ጭፈራውን በወረቀት ላይ አስፍረዋል። እነዚህ ሥዕሎች አብዛኛውን ጊዜ የጥንቱ ኑሮ ቀጥተኛ ምስክሮች ተደርገው ይታያሉ። ይህ ጽሑፍ ግን ሥዕሎቹ ከሁሉ በፊት የትዝታ ትረካዎች መሆናቸውን፣ በመሆኑም እንደማንኛውም ትረካ «ማን፣ የት ሆኖ፣ ለማን ተረከው?» ተብለው መመርመር እንደሚገባቸው ለማሳየት ይሞክራል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

2. ሥዕሉ የተወለደበት ቦታ

ለናቫሆዎች ሥዕል እንግዳ ነገር አልነበረም። በፈውስ ሥርዐት ጊዜ በልዩ ልዩ ቀለም አሸዋ የሚሠራ ሥዕል ነበራቸው፤ ዛሬም አላቸው። ይሁን እንጂ ይህ ሥዕል ሥርዐቱ ሲያበቃ ይፈርሳል እንጂ ለተመልካች አይቀመጥም። የዕለት ኑሮን የሚያሳየው የወረቀት ሥዕል በሰፊው የታወቀው ዶሮቲ ደን የተባለች መምህርት በ1932 በሳንታ ፌ ከተማ፣ የነባር ሕዝቦች ልጆች በሚማሩበት አዳሪ ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍል ከከፈተች በኋላ ነው። ሃሪሰን ቢጌይ፣ ጄራልድ ኔይለር፣ ኩዊንሲ ታሆማና አንድሩ ጺናጂኒ በዚሁ ክፍል ተምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ እናገኛለን። መንግሥት እንዲህ ያሉትን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ያቋቋመው ልጆቹን ከቋንቋቸውና ከባህላቸው ለመለየት ነበር። በሥዕል ክፍሉ ግን ትተውት የመጡትን ኑሮ እያስታወሱ እንዲሥሉ ተበረታቱ። ስለዚህ ልጆቹ ቤታቸውን የሣሉት ከቤታቸው ርቀው ነው። የአሣሣላቸውም ስልት ይህንኑ ያንጸባርቃል፤ ጥላና ርቀት አይታይም፣ ቀለሙ ወጥ ነው፣ መሬቱ በጥቂት ቁጥቋጦ ብቻ ይጠቆማል፣ ከሰዎቹ በስተጀርባ ያለው ቦታ ብዙውን ጊዜ ባዶ ነው። ኋላ የተነሡ ሐያስያን ይህ ስልት የነጭ ገዢዎችን ፍላጎት ለማርካት የተበጀ አንድ ዓይነት ቅርጽ ሆኗል ብለው ነቅፈውታል።

3. ሥዕሉ የማይናገረው

ነቀፌታው እውነትነት ቢኖረውም ሁሉን አይገልጽም። ከ1933 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ግጦሹ ተጎድቷል፣ አፈሩም እየተሸረሸረ ነው በማለት የናቫሆዎችን በግ፣ ፍየልና ፈረስ በግዳጅ አስቀነሰ፤ ብዙ ከብት በባለቤቶቹ ዓይን ፊት ተገደለ። በግ ለናቫሆ ቤተሰብ ምግብም፣ ለሽመና የሚሆን ሱፍም፣ ክብርም ነው። በዚያው ዘመን በተሣሉት አብዛኞቹ የእረኝነት ሥዕሎች ግን መንጋው እንደ ወትሮው ተሰማርቶ ይታያል። ይህን ዝምታ ሽሽት ነው ማለት ይቻላል፤ ሆኖም እየተወሰደ ያለውን ነገር እንዳይረሳ አድርጎ የማስቀመጥ ተግባር ነው ብሎ መተርጎምም ይቻላል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ሁለተኛው ያደላል።

4. ጨዋታና ትረካ

የመዝናኛ ትዕይንቶችም ከላይ ከሚታየው የጠለቀ ፍቺ አላቸው። ለምሳሌ የጫማ ጨዋታውን እንውሰድ። ሁለት ወገኖች በክረምት ሌሊት ተቀምጠው፣ በአሸዋ ከተቀበሩ ጫማዎች በአንዱ ውስጥ ትንሽ ኳስ ይደብቃሉ፤ ተቃራኒው ወገን ያለችበትን ይገምታል፤ ነጥቡ ዩካ ከተባለ ተክል በተሠሩ 102 እንጨቶች ይቆጠራል። በአፈ ታሪኩ መሠረት ይህን ጨዋታ መጀመሪያ የተጫወቱት የቀን እንስሳትና የሌሊት እንስሳት ናቸው። ውርርዱም ዓለም ሁልጊዜ ብርሃን ወይም ሁልጊዜ ጨለማ ይሁን የሚል ነበር። ሳይሸናነፉ ነጋ፤ ቀንና ሌሊትም እስካሁን ይፈራረቃሉ። ይህን የማያውቅ ተመልካች በሥዕል የሚያየው ቁማር ብቻ ነው፤ የሚያውቀው ግን የዓለምን ሚዛን ያያል።

ታሆማ ደግሞ ትረካውን በራሱ መንገድ ያራዝመዋል። ብዙ ጊዜ ከፊርማው ጋር፣ በዋናው ሥዕል ላይ ከታየው ድርጊት በኋላ ምን እንደተፈጸመ የምትጠቁም ትንሽ ሥዕል ይጨምራል። በዚህም ፊርማው የታሪኩ መደምደሚያ ይሆናል።

5. ማጠቃለያ

ኔይለር በ1942 እና በ1943 በዊንዶው ሮክ የናቫሆ ምክር ቤት አዳራሽ ግድግዳዎች ላይ የሕዝቡን ታሪክ ሥሏል። በትምህርት ቤት የተገኘው ስልት ከገዢ ሳሎን ወጥቶ ሕዝቡ ስለራሱ በሚመክርበት አዳራሽ ገባ ማለት ነው። እንግዲህ ስልቱ ከውጭ ተጽዕኖ አላመለጠም ማለት ትዝታው የባለቤቶቹ አይደለም ማለት አይሆንም። የቃል ትረካን የሚያጠና ተማሪም ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት አለ፤ ተራኪው ከተናገረው እኩል፣ አድማጩ ያውቀዋል ብሎ የተወውን መፈለግ ይገባል።