አንድ አፍ፣ ሁለት ልጓም

ድሬሳዥ በሚባለው የፈረሰኛ ስፖርት በከፍተኛ ደረጃ የሚደረግ ውድድርን በቴሌቪዥን ያየ አንባቢ፣ ጋላቢው ሁለት ሳይሆን አራት ዛብ መያዙን አስተውሎ ይሆናል። ምክንያቱ በፈረሱ አፍ ውስጥ ሁለት የልጓም ብረቶች መኖራቸው ነው። አንደኛው ቀጭንና መካከሉ ላይ የሚተጣጠፍ ነው። ሁለተኛው አይታጠፍም፤ በግራና በቀኝ ጫፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች የተዘረጉ ክንዶች ያሉት ሲሆን፣ ከላይኞቹ ክንዶች የሚነሣ ሰንሰለት በፈረሱ አገጭ ሥር ያልፋል። የእኛን ትኩረት የሳበው ይኸኛው ነው፤ በትምህርት ቤት የተማርነውን ሊቨር ሕመም በሚሰማው ፍጡር ላይ ሲሠራ እናገኘዋለንና።

እስቲ እናስላው። የታችኛው ክንድ 10 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ይህ የዓለም አቀፉ የፈረሰኛ ስፖርት ፌዴሬሽን ደንብ የሚፈቅደው ከፍተኛው ርዝመት ነው። የላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ጋላቢው ዛቡን በ10 ኒውተን ሲስብ የታችኛው ክንድ ወደ ኋላ፣ የላይኛው ወደ ፊት ይዞራል፤ ሰንሰለቱም ተወጥሮ አገጩን ይጫናል። ዙረቱ ሲቆም የሁለቱ ወገን ቶርክ እኩል መሆን ስላለበት የሰንሰለቱ ውጥረት 20 ኒውተን ይደርሳል። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዛቡም ሰንሰለቱም ብረቱን ወደ ኋላ ስለሚስቡት፣ በአፍ ውስጥ የሚያርፈው ኃይል የሁለቱ ድምር፣ ማለትም 30 ኒውተን ነው። (በጭንቅላት በኩል የሚያልፈውን የጠፍር ውጥረት ለማቃለል ትተነዋል።) ብረቱ የሚያርፈው በምላስና በታችኛው መንጋጋ ጥርስ አልባ ክፍል ላይ ሲሆን፣ በዚያ ሥፍራ አጥንቱን የሚሸፍነው ሥጋ እጅግ ስስ ነው።

እንደ እኛ አመለካከት ዋናው አደጋ ኃይሉ መብዛቱ ብቻ አይደለም። የጋላቢው እጅ 10 ኒውተን ብቻ ይሰማዋል፤ ፈረሱ ግን 30 ይቀበላል። እጅ የራሱን ሥራ በትክክል አይለካም ማለት ነው።

ሁለተኛው ልጓም የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ቀጭኑ ብረት ኃይልን አያባዛም፤ ግራና ቀኝንም ለይቶ ያስተላልፋል። በመሆኑም የዘወትሩ ግንኙነት በእርሱ ይካሄዳል፤ ሊቨሩ ጣትን ጠበቅ በማድረግ ብቻ ለአፍታ ተነክቶ ወዲያው ይለቀቃል። በተለመደው አያያዝ የቀጭኑ ዛብ ከትንሿ ጣት ውጭ፣ የሊቨሩ ዛብ ደግሞ በትንሿና በቀለበት ጣት መካከል ያልፋል።

የሰንሰለቱ ርዝመትም ይወስናል። ከላላ ክንዱ ከዛቡ ጋር በአንድ መስመር እስኪውል ይዞርና የሊቨርነት ጠባዩ ይጠፋል። ከጠበቀ ደግሞ ዛቡ ገና ሲነካ አገጩ ይጨመቃል፤ ፈረሱ አስቀድሞ ምላሽ የሚሰጥበት ጊዜ አያገኝም። ስለዚህ ክንዱ ከአፍ መስመር ጋር 45 ዲግሪ ያህል ሲሠራ ሰንሰለቱ እንዲያርፍ ተደርጎ ይስተካከላል። በውድድር ጊዜ ክንዱ ከዚህ አልፎ ወደ አግድም ሲያጋድል፣ የፈረሱም አፍንጫ ከቀጥተኛው መስመር አልፎ ወደ ደረቱ ሲገባ ካየን፣ ሥራውን ሁሉ የያዘው ሊቨሩ ነው።