የበዓል ስጦታና ብድሩ

የበዓል ሰሞን በደረሰ ቁጥር በተማሪዎች መኖሪያ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው «የመሳፈሪያ ገንዘብ ከየት ይገኛል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ባዶ እጃችንን እንዴት ከቤት እንገባለን?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ለመመለስ ይህ መጽሔት አቅም የለውም። ሁለተኛው ግን ሲያዩት ቀላል መስሎ ሳለ ብዙ ነገር የተጠቀለለበት ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልናብራራው አስበናል። ስጦታ ምንድን ነው? ለምን ይሰጣል? ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪስ ምን ሊሰጥ ይችላል? ምሳሌያችንንም ከሩቅ አገር ሳይሆን ከጨፋ ሮቢትና ከከሚሴ አካባቢ እናመጣለን፤ በዚያ አገር የስጦታ ጉዳይ የደግነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አብሮ የመኖር ጉዳይ ሆኖ ይገኛልና።

ጨፋ ሮቢት በአማራ ክልል፣ በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን፣ በከሚሴ አቅራቢያ ያለች ከተማ ናት። «ጨፌ» በኦሮምኛ ውሃ የማያጣው ለምለም መስክ ማለት ነው፤ ቃሉ በአማርኛም ገብቶ ለበዓል በቤት ውስጥ የሚጎዘጎዘውን እርጥብ ሣር ጨፌ እንለዋለን። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው ይህ ሜዳ በበጋ ወራት ከቆላ ለሚመጡ የአፋር አርብቶ አደሮች ከብት ግጦሽ ይሆናል። «ሮቢት» የሚለው ስም ደግሞ የሮብን ገበያ ያስታውሳል፤ በዚያው ዞን ሰንበቴ በእሑድ ገበያዋ፣ ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቁ ናቸው። ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ የሚገናኘው በነዚህ ገበያዎች ነው። አብዛኛው ሕዝብ ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶችም አሉ። እንግዲህ በአንድ መንደር ሁለት ቋንቋ ይነገራል፣ በሁለት አቆጣጠር በዓል ይከበራል።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ቃላቱን እንይ። አማርኛችን ለመስጠት አንድ ስም ብቻ አላበጀለትም። ለታላቅ ሰው የሚቀርበው ገጸ በረከት ወይም እጅ መንሻ ነው። ለተቸገረ የሚሰጠው ምጽዋት ነው፤ በሙስሊሙ ዘንድ ሰደቃ ይባላል። በማዕድ ላይ በእጅ የሚጎረሰው ጉርሻ ነው። ተቀባዩ የማይረሳው መልካም ሥራ ውለታ ነው። የውለታው መመለሻ ደግሞ ብድር ይባላል። ይህን የመጨረሻውን ቃል አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፈረንሳዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ማርሴል ሞስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ስለ ስጦታ አንድ የታወቀ ጥናት አሳትሞ ነበር። ከፓሲፊክ ደሴቶችና ከሰሜን አሜሪካ የተሰበሰቡ ወሬዎችን መርምሮ የደረሰበት ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ስጦታ በነፃ የሚሰጥ ቢመስልም ሦስት ግዴታዎችን ይዞ ይመጣል፤ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። የማይሰጥ ሰው ከኅብረቱ ይወጣል፤ የማይቀበል ሰው ጠብ ይፈልጋል፤ የማይመልስ ሰው ክብሩን ያጣል። ሌላው ፈረንሳዊ ፒየር ቡርዲዬ የአልጄሪያን ገበሬዎች አጥንቶ አንድ ነገር ጨመረበት። ብድሩ በዚያው ቅጽበት ከተመለሰ ስጦታነቱ ቀርቶ ልውውጥ ይሆናል፤ ስለዚህ በመስጠትና በመመለስ መካከል ጊዜ ማለፍ አለበት አለ።

የሰፈር እናቶቻችን ይህን ሳያነቡ ያውቁታል። ከጎረቤት ዳቦ ይዞ የመጣ ሰሃን ባዶውን አይመለስም። እንደዚሁም በዚያው ሰዓት ዳቦ በዳቦ ተለውጦ አይመለስም፤ ይህ «ያንቺን አልፈልግም» ማለት ይሆናል። ሰሃኑ ጥቂት ቀን ይቆያል። ከዚያ ቆሎም ይሁን እሸት፣ ቡናም ይሁን ማር፣ ቤት ያፈራውን ይዞ ይመለሳል። ሰሃኑ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት እየተመላለሰ ሳለ ሁለቱ ቤቶች ጎረቤት ናቸው ማለት ነው።

በጨፋ ሮቢትና በመላው ወሎ ግን ሰሃኑ አንድ ከባድ እንቅፋት ይገጥመዋል፤ እርሱም የሥጋ ነገር ነው። በአገራችን ልማድ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በዓል ያለ ሥጋ በማይታሰብበት አገር ይህ ሕግ ጎረቤትን ከጎረቤት ፈጽሞ ሊለይ ይችል ነበር። የወሎ ሰው ግን ሕጉን ሳያፈርስ መንገድ አበጅቶለታል። አንደኛው መንገድ ሥጋ ያልነካውን መላክ ነው፤ ዳቦ፣ ማር፣ ወተት፣ ቡና፣ ፍራፍሬ። ሁለተኛው፣ በጉን ወይም ዶሮውን ከነሕይወቱ መስጠት ነው፤ ተቀባዩ እንደ ሃይማኖቱ ያርደዋል። ሦስተኛው፣ ለሠርግና ለታላቅ ድግስ ጊዜ ለሌላው ሃይማኖት እንግዶች የራሳቸው ሰው እንዲያርድላቸው ማድረግ፣ ድስቱንና ሰሃኑንም መለየት ነው። በዚህ ሁኔታ ሙስሊሙ ደጋሽ ከብቱን ለክርስቲያን ወዳጁ ያስረክባል፤ ክርስቲያኑም እንዲሁ ያደርጋል። ማንም ሃይማኖቱን አልተወም፤ ማንም ጦሙን አልሄደም።

የቀን አቆጣጠሩም ሌላ ፈተና ነው። የሙስሊሙ ዓመት በጨረቃ ስለሚቆጠር ከኛ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል፤ ስለዚህ ረመዳን በ33 ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ክረምትና በጋውን ሁሉ ይዞራል። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገባ። ሁለቱም ጎረቤቶች ጾመኞች ነበሩ፤ አጿጿማቸው ግን ይለያያል። ሙስሊሙ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥጋና ወተት ይፈቀድለታል፤ ክርስቲያኑ እስከ ፋሲካ ድረስ ከእንስሳ የሚገኘውን ሁሉ ይተዋል። በእንዲህ ያለው ሰሞን ለክርስቲያን ጎረቤቷ አንድ ነገር ልትልክ ያሰበች እናት ስንቱን ማሰብ እንዳለባት እንመልከት። ሥጋ አይሆንም፤ ቅቤና ወተት አይሆንም፤ ምሽት እንጂ ቀን አይበስልም። ምስር የገባበት ሳምቡሳ ግን ሁሉንም ያስታርቃል። ጎረቤቷም በበኩሏ ለማፍጠሪያ የሚሆን ነገር ስትልክ ሰዓቱን ጠብቃ ነው።

እኛ በዩኒቨርሲቲ «የፈጠራ ችሎታ» ሲባል ወዲያው ባለቅኔው ወይም መሐንዲሱ ይታየናል። ነገር ግን ፈጠራ ማለት ብዙ ክልከላ ባለበት ቦታ ያልተከለከለውን መንገድ ማግኘት ከሆነ፣ ያች እናት ከማናችንም ባላነሰ ፈጣሪ ናት። የቅርጫንም ነገር እንጨምር። በርከት ያሉ ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋው ከየብልቱ እየተቆረጠ በእኩል መደብ ይደለደላል፤ ከዚያ ዕጣ ይጣላል። መዳቢው የትኛው መደብ ለርሱ እንደሚደርሰው ስለማያውቅ አድልዎ ማድረጉ አይጠቅመውም። እንዲሁም በኢድ አልፈጥር የሚሰጠው ዘካ ልኩ አንድ ሷዕ ነው፤ ይኸውም በሁለት እጅ ሲታፈስ አራት እፍኝ እህል ያህላል። መስፈሪያው የሰው እጅ ስለሆነ ሚዛን የሌለው ሰውም ሊሰፍረው ይችላል። የሚሰጠውም ከኢድ ሰላት በፊት ነው፤ ድኻው በዓሉን ከሌላው ጋር እኩል እንዲውል ነው። በዐረፋም የእርዱን ሥጋ ለቤተሰብ፣ ለዘመድና ጎረቤት፣ ለድኻ ብሎ ለሦስት መክፈል የተወደደ ልማድ ነው።

የእጅ ሥራውም ከዚሁ ወገን ነው። መሶቡ፣ ሌማቱ፣ ሙዳዩ የሚሰፋው ስንደዶው በአክርማ እየተጠቀለለ፣ ዙሩ በዙሩ ላይ በወስፌ እየተወጋ ነው። ቀለም የተነከረው አለላ መቼ እንደሚገባ፣ ስንት ዙር እንደሚሄድ ሰፊዋ በራሷ ትቆጥራለች፤ ንድፉ በወረቀት የለም። አንድ መሶብ ስንት ከሰዓት በኋላ እንደፈጀ ያየ ሰው በስጦታ ሲደርሰው የተሰጠው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሰው ዕድሜ ክፋይ መሆኑን ያውቃል። በወሎ የታወቀው መንዙማም በዚሁ ዓይነት የመጣ ሀብት ነው፤ እንደ ሸኽ ጦልሐ ጀዕፈር ያሉ ሊቃውንት በአማርኛ ገጥመው ለሕዝቡ ትተውለት፣ ሕዝቡ በመውሊድና በየስብሰባው በድቤ ያዜመዋል።

አሁን «ብድር» ወዳልነው ቃል እንመለስ። በአማርኛ «ብድሩን መለሰ» ስንል ሁለት ተቃራኒ ነገር ማለት ይቻላል። ውለታ የተዋለለት ሰው ውለታውን ሲመልስ ብድሩን መለሰ እንላለን። የተበደለ ሰው ሲበቀልም ብድሩን መለሰ እንላለን። «ብድር በምድር» የሚለው ተረታችን ለሁለቱም ይሠራል። ይህ በኛ ቋንቋ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። በእንግሊዝኛ ስጦታ የሚባለው «ጊፍት» በጀርመንኛ መርዝ ማለት ነው፤ ሞስም ይህን አስተውሎ ጽፎበታል። ስጦታንና በቀልን አንድ የሚያደርጋቸው ሁለቱም የማይረሱ መሆናቸው፣ ሁለቱም መልስ የሚጠይቁ መሆናቸው ነው።

ይህን የምናነሣው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያው፣ በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ልዩ ዞን አዋሳኝ ቦታዎች ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ብዙ ሕዝብ ተሰደደ። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴ ድረስ ደረሰ። የጥፋቱን መነሻና የበደለኛውን ማንነት መመርመር የሌላ ጽሑፍ ሥራ ነው። እኛ የምንለው ይህን ነው፤ በዚያ አገር እያንዳንዱ ቤት ሁለት ዓይነት ብድር ተቀምጦበታል። አንዱ የተቆጠረ ሙት ነው። ሌላው ለብዙ ዘመን የተመላለሰው ሰሃን ነው። ልጆች የትኛውን ብድር እንዲመልሱ እንደምናስተምራቸው የሚወሰነው በአዳራሽ ንግግር ብቻ አይደለም፤ በሚመጣው በዓል ሰሃኑ ወደ ጎረቤት ይሄዳል ወይስ ይቀራል በሚለው ነው። ሰሃን ብቻውን ፍትሕን አይተካም፤ የሞተውን አያስነሣም፤ የተቃጠለውን ቤት አይሠራም። ይሁን እንጂ ሰሃን የማይላላኩ ቤቶች እርቅ ቢታወጅላቸው እርቁ የወረቀት ይሆናል።

ይህ አስተያየት ተቃውሞ ሊነሣበት ይችላል። «ስጦታ ሸክም ነው፤ ድኻውን ያስበድረዋል፤ የማብሰሉም ድካም የሴቶች ብቻ ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት አላቸው። የሰጪን ሀብት ለማሳየት የሚሰጥ ስጦታ ተቀባዩን ያዋርዳል፤ እናትና እኅት ሌሊቱን ምድጃ ሥር አድረው ወንዱ በማለዳ «ላክን» ቢል የሰጠው የሌላ ሰው ላብ ነው። መድኃኒቱ ግን ስጦታን ማስቀረት ሳይሆን ድካሙን መካፈልና ልኩን ማሳነስ ነው። ከላይ ያየናቸው ልማዶች ሁሉ አነስተኛ ናቸው፤ አራት እፍኝ፣ አንድ ሰሃን፣ አንድ ሙልሙል።

ዘመኑም የራሱን አምጥቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘብ በስልክ መላክ ቀላል ሆኗል፤ በሩቅ ላለች እናት ይህ ትልቅ ነገር ስለሆነ አንነቅፈውም። ነገር ግን አንድ ዓይነት የመልካም ምኞት ቃል ለአርባ ሰው በአንድ ጊዜ ሲላክ ለማንም አልተላከም። የእንቁጣጣሽ ሥዕልም እንዲሁ ነው። ልጁ በእጁ ቀለም ነክሮ ያወጣው ጠማማ አበባ በማተሚያ ቤት ከወጣው ያማረ አበባ የሚበልጠው፣ ልጁ «ይህ ለማን ነው?» ብሎ ስላሰበበት ነው።

እንግዲህ ኪሱ ባዶ የሆነ ተማሪ ምን ይስጥ? ጥቂት ሐሳብ እናቅርብ። የአያቱን መንዙማ፣ ተረት ወይም የዘር ሐረግ እየጠየቀ በደብተር ጽፎ ለቤተሰቡ ይስጥ። ለፈተና የሚዘጋጅ የጎረቤት ልጅ ካለ በዕረፍቱ ሳምንት ሒሳብ ያስጠናው፤ የሌላ ሃይማኖት ወይም የሌላ ቋንቋ ልጅ ቢሆን ይመረጣል። በዚህ በግቢያችንም አንዱ በሚጾምበት ወር ሌላው ምግቡን ወስዶ ያቆይለት፤ አንዱ በዓል ሲሆንበት ሌላው ተረኛነቱን ይሥራለት። በቤትም ሰሃኑን ወደ ጎረቤት የሚያደርስ ሲፈለግ ታናሽ እኅቱን ከመላክ ይልቅ ራሱ ተነሥቶ ይሂድ፤ ከበሩም ላይ አስረክቦ አይመለስ፤ ግባ ሲሉት ይግባ፣ ቡናውንም እስከ ሦስተኛው ይጠጣ።