ንባብ በሕመም ሲታጣ

ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ንባብ የአገልግሎቱ መሠረት ነው። ይሁን እንጂ ለዓመታት መጻሕፍትን ሲያነብ የኖረ ካህን ወይም ዲያቆን ዓይኑ እያየ ማንበብ የሚሳነው ጊዜ አለ። ችግሩ በስንፍና ወይም በመተት ከተተረጎመ አገልጋዩ ሕክምናም ክብርም ያጣል።

የችግሩ መንስኤ የአንጎል ጉዳት ነው፤ ስትሮክ፣ የጭንቅላት አደጋና የአንጎል ዕጢ ከእነዚህ ይጠቀሳሉ። በአብዛኞቹ ሰዎች የተጻፈን ቃል ለይቶ የሚያውቀው ስፍራ በግራው የአንጎል ክፍል ከኋላ በኩል ይገኛል።

አንጎል የተጻፈን ቃል በሁለት መንገድ ያነባል። አንደኛው ፊደልን ወደ ድምፅ መለወጥ ነው፤ የንባብ ቤት ተማሪ የግእዙን ዳዊት ምሥጢሩን ሳያውቅ አጥርቶ የሚያነበው በዚህ ነው። ሁለተኛው ቃሉን በሙሉ አውቆ ወደ ትርጉሙ መድረስ ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል፣ ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን» ማለት ነው፤ ፊደሉ ስለማይለየው አንባቢው ከዐውዱ ይወስናል። ጉዳቱ አንዱን መንገድ ብቻ ሊነካ ይችላል፤ ስለዚህ አንዱ ሕመምተኛ የለመደውን ቃል እያነበበ አዲስ ስም ያቅተዋል፤ ሌላው እያነበበ ትርጉሙ ይሰወርበታል።

በፓሪስ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዡል ደዠሪን በ1892 እ.ኤ.አ. ስለ አንድ ሕመምተኛ ጽፏል። ሰውየው ይናገራል፣ ይጽፋል፤ የጻፈውን መልሶ ማንበብ ግን አይችልም ነበር። እንደዚሁ በቃል የተያዘ ዳዊትና ቅዳሴ ንባብ ቢጠፋም ሊቀር ይችላል። አገልጋዩ በቃሉ ስላደረሰ «ማንበብ እየቻለ እንቢ አለ» ሊባል አይገባም።

ስለዚህ የሸዋ ሮቢትና የይፋት ቆላ ሰበካ ጉባኤያት ሦስት ነገሮችን እንዲፈጽሙ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ንባብ ወይም ንግግር በድንገት ሲጠፋ፣ ፊት ሲጣመም ወይም እጅ ሲዝል ሕመምተኛውን በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል፤ ጸሎቱና ጸበሉ ሕክምናውን አያስቀሩም። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ በደብረ ሲና አልፎ የጣርማበርን ዳገት የሚወጣ በመሆኑ የመጓጓዣው ወጪ አስቀድሞ ይታሰብበት። ሁለተኛ፣ የደም ግፊት ዋነኛው የስትሮክ መንስኤ ስለሆነ አረጋውያን አገልጋዮች በየጊዜው እንዲለኩ ይደረግ። ሦስተኛ፣ ንባብ የጠፋበት አገልጋይ ከማኅበሩ አይለይ። በቃሉ የያዘውን ያገልግል፤ የሚነበበውን ሌላው ያንብብለት። ፊደሉን በጣቱ እየጻፈ መለማመድም አንዳንዶችን ስለሚረዳ፣ ቀድሞ ፊደል ያስቆጠራቸው ልጆች ዛሬ አብረውት ቢቀመጡ ትልቅ እገዛ ይሆናል።