ቤት ስንከራይ ምን ተረከብን?

ቤት የሚከራይ ሰው ስለ ኪራዩ ዋጋ ብዙ ይከራከራል፤ ስለ ቤቱ ሁኔታ ግን እምብዛም አይነጋገርም። ጠቡ የሚነሳው በመውጫው ቀን ነው። አከራይ «መስታወቱን የሰበራችሁት እናንተ ናችሁ» ትላለች፤ ተከራይ «ስንገባም ተሰብሮ ነበር» ትላለች። ማስረጃ ስለሌለ መያዣው ገንዘብ ይቀራል፤ ለዓመታት ቡና የተጣጡ ጎረቤቶችም ተቀያይመው ይለያያሉ።

ጉለሌን እንመልከት። በሽሮ ሜዳ፣ በቀጨኔ፣ በአዲሱ ገበያና በሩፋኤል ሰፈሮች በግቢያቸው ውስጥ አንድ ሁለት ክፍል እያከራዩ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች አሉ። አካባቢው የእንጦጦ ግርጌ በመሆኑ ዝናቡ ይበረታል። በታኅሣሥ ደህና የመሰለው ቤት በሐምሌ ያፈሳል። በኮርኒሱ ላይ ቡናማ የውሃ እድፍ ካለ በመግቢያው ዕለት መጻፍ ይገባል። ሽሮ ሜዳ ላይ ደግሞ የሽመና ሥራ አለ። ሸማኔው እግሩን የሚያሳርፍበትን ጉድጓድ ወለሉ ላይ ይቆፍራል። ጉድጓዱ ቀድሞ ነበረ ወይስ አሁን ተቆፈረ? ሲወጣስ ማን ይደፍነዋል? ይህ አስቀድሞ ካልተጻፈ ኋላ ያጣላል።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የአከራይንና የተከራይን የጥገና ግዴታ ለይቶ ያስቀምጣል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ደግሞ ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ፣ ቅድመ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይሁን እንጂ ውሉ የኪራዩን ዋጋ ብቻ ይዞ የተሰበረውን መቀርቀሪያ ካላነሳ ለመውጫው ቀን ክርክር አይረዳም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ዕቃ ከመግባቱ በፊት፣ በቀን ብርሃን፣ ሁለቱ ወገኖች ክፍል በክፍል አብረው ይዙሩ። በሩና ቁልፉ፣ መስኮቱ፣ ግድግዳው፣ ወለሉ፣ ኮርኒሱ፣ ሶኬቱ፣ ቧንቧውና መጸዳጃው ይታዩ። «ጥሩ ነው» ማለት አይበቃም፤ «የጓዳው መስኮት አንድ መስታወት ተሰንጥቋል» ተብሎ ይጻፍ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ንባብ፣ የተሰጡት ቁልፎች ብዛትም ይመዝገቡ። ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሂሳቡ እንዴት እንደሚካፈል ይገለጽ። ጽሑፉ በ2 ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ ቀን ተጽፎበት፣ በምስክሮች ፊት ይፈረም። ማንበብ የማይችል ካለ ከመፈረሙ በፊት ይነበብለት። በስልክ ፎቶግራፍ ተነስቶም በዚያው ዕለት ለሁለቱም ይድረስ።

እህቶች፣ ውሉን ባለቤታችሁ ቢፈርምም በርክክቡ ላይ እናንተም ተገኙ። የማይዘጋውን በርና የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ቀን ከሌት የምትታገሉት እናንተ ናችሁና።

ብዙዎቻችንን የሚያሰንፈን ይሉኝታ ነው። «አላመነችኝም ትላለች» ብለን እንተወዋለን። ነገር ግን ጽሑፉ አከራይዋንም ይጠብቃል፤ ደህና አድርጋ ያስረከበችው ቤት ተበላሽቶ ቢመለስ ማስረጃዋ እርሱ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ሳትጽፉ የገባችሁም ብትኖሩ አልረፈደም። ዛሬ ያለውን ሁኔታ ከአከራያችሁ ጋር ተመልክታችሁ፣ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፤ መቀመጫውም የልደት የምስክር ወረቀት ከሚቀመጥበት ቦታ ይሁን።