ኪስ የሚገባ ስንቅ

ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጥቶ ዳገቱን ለያዘ መንገደኛ ሱቁም ጤና ጣቢያውም ወደ ኋላ ይቀራሉ። እግር ቢወለም ወይም መንገድ ላይ ቢመሽ፣ መላው በእጅ ካለው ነገር ነው የሚገኘው።

ስንቅ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በሶ ነው። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አያሻውም፤ ጨውና በርበሬ ተጨምሮበት ይጨበጣል፣ ሲቀጥንም ይጠጣል። ውሃ ከሌለ ግን በጉሮሮ አይወርድም።

የውሃን ነገር የውጫሌ ውል ያስከተለው ጦርነት አሳይቶታል። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ይስማ ንጉሥ ላይ ተፈረመ። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ እንዳየሱስ የመሸገውን የጣሊያን ጦር መድፍ አላስለቀቀውም፤ እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ ባደረጉ ጊዜ ግን ጥም አስጨንቆት ምሽጉን ለቀቀ።

ስለዚህ የኪስ ስንቅ ከውሃ ይጀምራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አብራሪዎች ይይዟት በነበረችው ጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥም ከክብሪትና ከኮምፓስ ጋር የውሃ ማከሚያ እንክብልና የውሃ ከረጢት ነበር። እንክብሉ ዛሬም ይሠራል፤ መጠኑና የሚቆይበት ሰዓት በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ካልተገኘ ውሃውን ማፍላት ነው። ከፍታው ከ2000 ሜትር ሲያልፍ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ መቆየት አለበት። ተቅማጥ ለያዘው ደግሞ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚበጠበጥ አንድ ኦአርኤስ ይያዛል።

ቀጥሎ እሳት ነው። የክብሪቱ እንጨቶች ጫፍ የቀለጠ ሻማ ውስጥ ነከር ተደርጎ ይደርቃል፤ መጫሪያው ተቆርጦ ከእነሱ ጋር በፌስታል ይጠቀለላል። ሲፈለግ ሰሙን በጥፍር ፍቆ መጫር ነው።

ለቁስል ፋሻ፣ ፕላስተርና ምላጭ ይበቃሉ። ሲባጎና መርፌ ከነክሩ ቦታ አይፈጁም። ፊሽካም አትረሳ፤ ገደል ለገደል የሰው ድምፅ ሲደክም እሷ ትሰማለች፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ መንፋትም የታወቀ የድረሱልኝ ምልክት ነው። የስልክ ባትሪ ቢያልቅ በሌላ ሰው ስልክ ለመደወል፣ የቤተሰብ ቁጥርና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 በወረቀት ተጽፈው ይቀመጣሉ።

ይህ ሁሉ አንዲት ክዳኗ የሚገጥም የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ይገባል። በሶው ለብቻው ይታሰራል። ክረምት ሳይገባ ሳጥኗ ተከፍታ የእንክብሉና የኦአርኤሱ ጊዜ ማለፍ አለማለፉ፣ ክብሪቱም አለመርጠቡ ይታያል።