ያውቁ ኖሯል? ዕንቁ ነጋዴዋ ግሊክል

በቦረናዋ አሬሮ ቅቤና ወተት ሸጣ ቤቷን የምታቆም ሴት ብርቅ አይደለችም። ከ300 ዓመት በፊት ነግዳ የሕይወቷን ታሪክ በገዛ እጇ የጻፈች ግን ብርቅ ናት።

ግሊክል በጀርመኗ የወደብ ከተማ ሐምቡርግ በ1640ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) የተወለደች አይሁዳዊት ነበረች። በ14 ዓመቷ ገደማ ለሐይም ተዳረች፤ ወርቅና ዕንቁ ሲነግድ ዋና አማካሪው እሷ ነበረች። በ1689 ሐይም ሲሞት ንግዱን ከነዕዳው ተረከበች። የካልሲ ፋብሪካ አቋቋመች፤ እስከ ላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ድረስም ትጓዝ ነበር።

መጻፍ የጀመረችው በ1691፣ የሐዘን ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳት ነው። የጻፈችው ዪዲሽ በተባለው የአውሮፓ አይሁዶች ቋንቋ ነው። ከትዝታዎቿ አንዱ ይህ ነው፦ በ1660ዎቹ በቱርክ የተነሳው ሻብታይ ጽቪ «መሲሕ ነኝ» ባለ ጊዜ፣ አማቷ አተር፣ ባቄላና የደረቀ ሥጋ በበርሜል አሽገው ወደ ሐምቡርግ ላኩ፤ ለኢየሩሳሌም ጉዞ ስንቅ መሆኑ ነው። ሻብታይ ሰለመ፤ በርሜሎቹ ግን ተስፋ ያልቆረጡትን ሽማግሌ እየጠበቁ ለዓመታት ተቀመጡ።

በዚያው ዘመን የኛዋ ኢትዮጵያዊት ቅድስት የወለተ ጴጥሮስ ገድል በ1672 ተጽፏል፤ የጻፈው ግን እንደ ግሊክል ባለታሪኳ ራሷ ሳትሆን ገላውዴዎስ የተባለ መነኩሴ ነው።

ግሊክል በ1700 በሜትስ ከተማ ባለ ባንክ አገባች። ባልየው በሁለት ዓመት ውስጥ ከሰረ፤ የእሷም ገንዘብ አብሮ ጠፋ! በ1724 አረፈች። ማስታወሻዋ የታተመው በ1896 ነው።